በማን ክንድ?

አንድ አናጢ ነበረ። ክንዱ ረጅም ነበር። ክንዱን አትርሺው፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ልጄ ይታይሽ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው፤ እስካሁን ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እጅሽን አውጥተሽ አታውቂም። ጥያቄው ጉሮሮሽ ድረስ ይመጣና መልሰሽ ትውጪዋለሽ። የከተማ ልጆቹ ሲናገሩ ስትሰሚ፣ ያንቺ አነጋገር ከየት እንደመጣሽ የሚያሳብቅብሽ ይመስልሻል። «ጋሼ፣ ድፍረት ከየት ነው የሚመጣው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ለዚህች ጥያቄ ብለሽ ግማሽ ቀን አውቶቡስ ላይ ተንገላተሽ ወደ ድሮ አስተማሪሽ መምጣትሽ ራሱ ድፍረት ነው ልልሽ እችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ማባበያ አልወድም፤ አንቺም የምትወጂ አይመስለኝም። ሻይሽን ጠጪና ስሚኝ። አገሩ የት ነው ብለሽም አትድከሚ፤ እኔም ሲነገር ነው የሰማሁት።

ያ አናጢ በአገሩ የታወቀ ነበር። እሱ ያቆመው ቤት አርባ ዓመት አይነቀነቅም፣ እሱ የገጠመው በር ንፋስ አያስገባም ይባልለታል። ሜትር የሚባል ነገር ገና እዚያ አገር አልደረሰም። የሚለካው እንደ አባቶቹ በክንድ ነው፤ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ አንድ ክንድ። እንጨቱ ላይ ክንዱን አስተኝቶ፣ አንስቶ፣ እንደገና አስተኝቶ ሲቆጥር ማንም አጠገቡ አያወራም። ሰው ቀርቶ ውሻ ቢጮህ ይቆጣ ነበር።

ስድስት ተማሪዎች ነበሩት፤ ሁሉም ጎልማሶች፣ ሚስትና ልጅ ያላቸው። ያከብሩት ነበር፤ ከማክበርም አልፈው ይፈሩት ነበር። በዚያ ግቢ ልማዱ እንዲህ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ይናገራል። ተማሪው ነጠላውን አደግድጎ ቆሞ ይሰማል። ሲጨርስ «እሺ ጌታዬ» ይላል። አለቀ። የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ መምህሩን «አላስተማርከኝም» ብሎ መክሰስ ይመስላል፤ ለጠያቂውም «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ብሎ በአደባባይ መመስከር ነው። ስለዚህ የገባውም ያልገባውም እኩል «እሺ» ይላል። እንዲያውም ያልገባው ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚህ አልሳሳትም።

ይህ ልማድ ለረጅም ጊዜ የጎላ ጉዳት አላመጣም። መምህሩ ሁልጊዜ አብሯቸው ነዋ። የሚቆረጠውን እንጨት እሱ በክንዱ ለክቶ ምልክት ያደርግበታል፣ እነሱ ይቆርጣሉ፣ ሲገጠምም የሚለካው እሱ ነው። እዚህም እዚያም ያው አንድ ክንድ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ተበላሸ። ቀደም ሲል አንድ ሌላ ተማሪ ነበረው፤ እጁ የሰላ፣ ትጉህ ሰው። መምህሩ ሌላ መንደር ቤት ሊያቆም ሲሄድ ይህን ተማሪ «የበሩን መቃን ቁመቱን አራት ክንድ አድርገህ ሠርተህ ይዘህልኝ ና» ብሎት ሄደ። እሱም «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ሠርቶም አመጣ። ሊገጥሙት ሲያቆሙት መቃኑ ከስንዝር በላይ አጠረ። ባለቤቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። መምህሩ አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ክፉ ይናገራል። «አራት ድረስ መቁጠር ለማይችል ሰው መጥረቢያ አይሰጥም» አለው።

ሰውየው አንድም ቃል አልመለሰም። መቃኑን ደጋግሞ ቆጥሮት ነበር፤ አራት ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶም በልቡ ቆጠረው፤ አሁንም አራት ነው። ግን መምህሩ ተሳስተሃል ካለ ተሳስቻለሁ ማለት ነው ብሎ ራሱን ጠረጠረ። መጥረቢያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣራው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ወዲያ ከሰል እያከሰለ መኖር ጀመረ። ወደዚህ ሰው በኋላ እንመለሳለን።

የኔ ሰው የመጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። የኔ ሰው የምለው ስለምወደው ነው፤ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ እንዳታሚኝ።

ሠላሳውን ያለፈ፣ አጭር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ከሁለት ቀን መንገድ ሚስቱንና አንዲት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ማን ነህ ሲሉት ገበሬ ነኝ፣ መሬቴን ወንድሞቼ ወሰዱብኝ አለ። ውሸቱን ነው። ሸማኔ ነበር፤ አባቱም አያቱም ሸማኔ ነበሩ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሸማኔ ይናቅ ነበር። እሱ የሠራውን ጋቢ ለብሰው በዓል የሚያከብሩ ሰዎች እሱን ገበታ አያስቀርቡትም። አንድ ቀን ልጁ ውሃ ልትቀዳ ምንጭ ወርዳ፣ «የሸማኔ ልጅ፣ እንስራሽን ወዲያ አርቂ» ተብላ እያለቀሰች ተመለሰች። ያን ዕለት ነው መወርወሪያውን ሰቅሎ አገሩን የለቀቀው።

እንጨት ይወድ ነበር፤ ስለዚህ አናጢ ልሁን ብሎ መጣ። መምህሩም ተቀበለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ድርና ማግ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ገበያ ውስጥ የሸማ ተራ እንዳያልፍበት ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። ሌሊት ስለ ጥጥ ሲቃዥ እንኳ ሚስቱ ትቀሰቅሰዋለች። ማንነቱ ቢታወቅ ከግቢው እንደሚባረር እርግጠኛ ነበር። ከዚያ ሚስቱም ልጁም እንደገና ያው የምንጩ ስድብ ይጠብቃቸዋል።

ከመንደሩ በታች ወንዝ አለ። በበጋ ፍየል ይሻገረዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን በሬ ይወስዳል። ገበያውም፣ እጇ ቀና የምትባለው አዋላጅም ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ ክረምት አንዲት ሴት ምጥ ጠናባትና በቃሬዛ ተሸክመዋት ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። አሁን ይጎድላል፣ አሁን ይጎድላል እያሉ ከጠዋት እስከ ቀትር ቃሬዛውን ይዘው ዳር ላይ ቆሙ። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ የኔ ሸማኔ ነበር። ስታቃስት ቀኝ ትከሻው ላይ ይሰማው ነበር። ከዚያ ዝም አለች። ወንዙ የጎደለው በማግሥቱ ነው።

ከዚህ በኋላ አገሩ ተሰብስቦ በሚመጣው በጋ ድልድይ እንሥራ አለ። ድንጋይ ሞልቷል። ረጅምና ጠንካራ እንጨት ግን የለም፤ ያለው ተራራው አናት ላይ በገዳሙ ግቢ ውስጥ የቆመው ጥድ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ሄደው የገዳሙን አባቶች ለመኑ። ብዙ ተለምነው ስድስት ዛፍ ፈቀዱ፤ ሰባተኛ የለም አሉ። ሽማግሌዎቹም ሰባተኛ ላይጠይቁ ቃል ገብተው ተመለሱ። ያቺ ልመና ወራት ፈጀች። ሲፈቀድላቸው ክረምቱ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

መምህሩ መጫኛ ተውሶ፣ አንዱን ጫፍ ማዶ ለቆመ ሰው አስይዞ ወንዙን ለካ። ከዚያ መጫኛውን መሬት ላይ ዘርግቶ በክንዱ ቆጠረው። ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሁለት ክንድ ሆነ። በየዳሩ ድንጋዩ ላይ የሚያርፍ አንዳንድ ክንድ ሲጨመር አሥራ አራት። መጫኛውን ባለቤቱ እህል ሊጭንበት ይዞት ሄደ።

ቀድሞ ቢሆን መምህሩ ራሱ ተራራውን ወጥቶ ዛፎቹን ይለካ ነበር። ዘንድሮ ግን ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ዳገት አይችልም። ስለዚህ እሱ ወንዙ ዳር ከግንበኞቹ ጋር ሊቀር፣ ተማሪዎቹን ብቻቸውን ሊልክ ሆነ። ሁሉንም ብቻቸውን ሲልክ በአርባ ዓመት የመጀመሪያው ነው። የለካው ክንድ ወንዝ ዳር ሊቀር፣ የሚቆርጡት ክንዶች ተራራ ሊወጡ ነው። ይህን ያስተዋለ ግን አልነበረም።

በመነሻቸው ጠዋት ስድስቱ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ፊቱ ቆሙ። አገሬው ሊሸኛቸው ወጥቷል፤ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ የሟቿ ባል ሳይቀር። መምህሩ እንዲህ አላቸው፦ «ለያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዛፍ ነው። አሥራ አራት ክንድ ቁረጡ። እንዳታሳጥሩ፣ እንዳታስረዝሙ። ያን ገደል ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ነው፤ ትርፍ ክብደት አልፈልግም።»

አምስቱ «እሺ ጌታዬ» አሉ። የስድስተኛው አፍ አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ስለ ገበያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ሸማ በክንድ በሚሸጥበት ገበያ ብልጥ ገዥ ብቻውን አይመጣም። ከዘመዶቹ መሃል ክንደ ረጅሙን መርጦ፣ ጥሩ ቁርስ አብልቶ ይዞት ይመጣል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ «በል ለካልኝ» ይለዋል። ያ ዘመድ ክንዱን ሲዘረጋ የሸማኔው ፊት ይለወጣል። ስለዚህ የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጋር ገበያ ሲውል መጀመሪያ የሚማረው፣ ስለ ሌላው ነገር ከማውራቱ በፊት «በማን ክንድ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የአናጢ ተማሪ ግን ይህን ከየት ያውቃል? መምህሩ አንድ፣ ክንዱም አንድ ነው። ለነሱ ክንድ ማለት ክንድ ነበር።

የኔ ሰው አሥራ አራት ሲባል እንደሰማ ዓይኑ ሳያስበው ወደ መምህሩ ክንድ ሄደ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ክንዶች። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ የራሱ ደግሞ ከሁሉ ያጠረ። ወዲያው ገባው። ስድስት ግንድ፣ ስድስት ርዝመት። ወዲያውም ዝም ለማለት ወሰነ።

አትፍረጂበት። በልቡ ያሰበውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ አዲስ ነኝ አለ። ነባሩ ተማሪ እዚህ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ችግር ቢኖር ኖሮ እሱ ዝም ይላል? መምህሩስ ይህን ሳያስብ ይቀራል? ደግሞ ብጠይቅ፣ ይህን ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ያቺ የመጨረሻዋ ነበረች ያስፈራችው። ዞሮ ከጓደኞቹ ጋር አንድ እርምጃ ተራመደ። ሁለተኛም ተራመደ።

ሦስተኛውን ሊራመድ ሲል የሟቿን ባል አየው። ባልየው ትንሽ ልጅ አዝሎ፣ ማንንም ሳያይ ወንዙን እያየ ቆሟል። ያን ጊዜ ሸማኔውን ቀኝ ትከሻው ከበደው። መጥረቢያው ነው እንዳልልሽ፣ መጥረቢያውን የያዘው በግራ ነበር።

ቆመና ዞረ። እግሩ ይንቀጠቀጣል። ነጠላውን ማደግደጉን እንኳ ረሳ። ድምፁ ሲወጣ የሱ አይመስልም ነበር።

«ጌታዬ፣ አሥራ አራት ክንድ፣ በማን ክንድ?»

ከዚያ ሳቁ መጣ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ሊሸኝ የወጣውም ሰው ሳቀ። ነባሩ ተማሪ «ምነው፣ ጋቢ የምትሸጥ መሰለህ እንዴ? ክንድ ክንድ ነው» አለው። ለቀልድ ነው ያለው፤ የት ቦታ እንደነካው አላወቀም።

መምህሩ አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ። በሰው ፊት ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ተማሪው የተናገረውን ሊያስደግመው ነው፣ ሊያባርረው ነው ብለው ሁሉም ይጠብቃሉ። እሱ ግን ቀስ ብሎ «ይህን ጥያቄ ከየት አመጣኸው?» አለው።

የተፈራችው ጥያቄ መጣች። መዋሸት ይችል ነበር። እንዲሁ መጣልኝ ቢል ማንም አይመረምረውም። ብዙዎቻችን እንዲያ ነበር የምንለው፤ እኔ ብሆን ኖሮ እንዲያ ነበር የምለው። እሱ ግን ግማሽ እውነት ተናግሮ ሌላውን ግማሽ መደበቅ አስጠላው።

«ሸማኔ ነኝ ጌታዬ» አለ። «ገበያ ላይ የገዥ ክንድና የሻጭ ክንድ ገጥሞ አያውቅም። የኔ ክንድ ከርስዎ ያጥራል። ተራራው ላይ ደግሞ እርስዎ የሉም።»

ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ይታይሽ፤ እንደዚህች አነጋገር ያስቀናኝ ጥቂት ነው። ትሕትናውን ሳይለቅ እውነቱን ተናገረ። ተራራው ላይ እርስዎ የሉም።

ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ መሃል ጉርምርምታ ተሰማ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ትናንት አብሮት የበላው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። ሸማኔው ይህን አይቷል፤ ቢሆንም ካለበት አልተነቃነቀም።

መምህሩ ከዚያ እጀታውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋ። «ና፣ ክንድህን አምጣ» አለው። ክርናቸውን አገጣጥመው ክንዳቸውን ጎን ለጎን አደረጉ። የሸማኔው ጣት ጫፍ ከመምህሩ ጣት ጫፍ አራት ጣት ወደ ኋላ ቀረ።

ነባሩ ተማሪ አራት ጣት ምን አላት ብሎ አጉረመረመ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አቧራው ላይ በራሱ ክንድ አሥራ አራት ለካና በእንጨት ጫፍ አሰመረ። አጠገቡ ሸማኔውን አሥራ አራት አስለካው። የሸማኔው መስመር ከመምህሩ መስመር ከሁለት ክንድ በላይ አጥሮ አለቀ። ወንዙ ራሱ አሥራ ሁለት ነው። ያ ግንድ ድንጋዩ ላይ ሊያርፍ ይቅርና ከዳር እስከ ዳር እንኳ አይደርስም ነበር። ሌሎቹንም አስለካ። አንዱ በአንድ ክንድ፣ አንዱ በክንድ ተኩል አጠረ። ከስድስቱ ከመምህሩ መስመር ጋር የገጠመ አንድም አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረው ነባሩ ተማሪም ቢሆን።

አገሬው ያንን አቧራ ከቦ ያያል። ለማንም መንገር አላስፈለገም። ባይጠየቅ ኖሮ ይህ የሚታወቀው ዛፉ ከወደቀ፣ ሰው ገደሉን ተሸክሞ ከወረደ፣ ግንዱ ወንዙ ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነበር። ሰባተኛ ዛፍ የለም። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ድልድዩ የሚያስብ መሰላቸው። ብዙ ቆይቶ ቀና አለና ነባሩን ተማሪ «ያ መቃኑ ያጠረበት ሰው፣ ቁመቱ እንዴት ነበር?» አለው።

«አጭር ነበር ጌታዬ።»

መምህሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አራት ቆጥሮ ነበር» አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ቀጥ ያለ የወይራ እንጨት አስመጣና በራሱ ክንድ ልክ ዘንግ ይቆርጥ ጀመር። የመጀመሪያውን ለሸማኔው ሰጠው። ለሌሎቹም አንዳንድ ሰጣቸው። «ክንዴን ይዛችሁ ውጡ» አላቸው። ስድስቱ ከተሰጡ በኋላ ሰባተኛ ዘንግ ቆረጠ። ለማን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ መጠየቅ ገና አልለመዱም ነበርና።

ተማሪዎቹ ተራራውን ሲያያዙት እሱ በበቅሎ ወደ ከሰል አክሳዩ ቤት ሄደ። ምን እንዳለው አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ይቅርታ ብሎ የማያውቅ ሽማግሌ በየት በኩል እንደሚጀምረው እንጃ። የሚባለው ይህ ነው። ከሰል አክሳዩ ዘንጉን ተቀብሎ ክንዱ ላይ አስተኛው። ከጣቱ ጫፍ አራት ጣት ተርፎ አየ። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ ጣራው ሥር የሸጎጠውን ጨርቅ ፈትቶ፣ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

ስድስቱ ግንዶች ወረዱ። ወንዙ ላይ ሲዘረጉ በየዳሩ አንዳንድ ክንድ ድንጋዩ ላይ አረፉ። በሐምሌ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞላ፤ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሻግራ ማዶ ወንድ ልጅ ወለደች። የተሸከሟት ሰዎች ድልድዩ መሃል ሲደርሱ ቆም ብለው ውሃውን ወደ ታች አዩት ይባላል።

ለሸማኔው ሁሉ ነገር አማረለት ብዬ አላታልልሽም። ያ ራቅ ብሎ የቆመው ጓደኛው ክረምቱን ሙሉ አብሮት አልበላም። ምንጩ ዳር ወሬው አልቀረም። ግን መምህሩ አላባረረውም። ምሳ ሲቀርብ ከጎኑ ያስቀምጠው ጀመር፤ ሌሎቹም ከመምህሩ ገበታ ላለመራቅ ሲሉ እያጉረመረሙም ቢሆን ቀረቡ። ልጁም ውሃ ስትቀዳ የሚሰድቧት ቢኖሩም፣ የድልድዩ ሰው ልጅ የሚሏትም ተገኙ። መምህሩ ደግሞ አመል አወጣ። ትእዛዝ ሰጥቶ «እሺ ጌታዬ» ሲሉት አይበቃውም፤ «እስቲ አንድ ነገር ጠይቁኝ» ይላል። ካልጠየቁት መጥረቢያ አያስነሣቸውም።

እንግዲህ ይታይሽ፣ ያ ሸማኔ አንቺ ነሽ።

ድፍረት ከየት ይመጣል ብለሽኛል። ሰውየው ድፍረት አግኝቶ አልነበረም የጠየቀው። ቢፈልግም አያገኝም ነበር፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው የተናገረው። የነበረው ትከሻው ላይ የቀረ ክብደት ነው። ከሱ እፍረትና ከዚያች ሴት የቱ ይበልጣል ብሎ አየና ተናገረ። ድፍረት ካለም የመጣው ከተናገረ በኋላ ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ ድፍረቱ ይምጣልኝና ከዚያ እናገራለሁ ብለሽ ሁለት ዓመት ተቀመጥሽ። ስትጠብቂው ትመረቂያለሽ።

ደግሞም ያን ጥያቄ ሌላ ማን ሊጠይቀው ይችል ነበር? አምስቱ አይችሉም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረውም አልቻለም። ጥያቄው የመጣው ሰውየው ሲደብቀው ከኖረው ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። አንቺም ያደግሽበትን አገር አፍሽ ውስጥ ደብቀሽ ቁጭ ብለሻል።

እኔም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለሁ። ያ መምህር ነኝ። «ገባችሁ?» ስል ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይለኝ ነበር። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ደስ ይለኛል፤ ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ። አንቺ ሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ጋ ነበርሽ፤ ያንቺ «አዎ» ከሁሉ ጎልቶ ይሰማኝ ነበር። ዝም ማለትን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ሰዓት ያወራሁት ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልሽ፤ ሰባተኛውን ዘንግ ይዤልሽ ነው።

በይ አሁን፣ ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የዋጥሽውን ጥያቄ ንገሪኝ። ተራ ጥያቄ ነው አትበይኝ። ተናገሪው።

ምን? ድገሚው እስቲ።

አስተማሪሽ ለገጠር መንደር ውሃ ስለ ማውጣት ሲያስተምር፣ ቦንቧው ከቤት የሠላሳ ደቂቃ መንገድ ላይ ከሆነ ይበቃል አለ። አንቺ ደግሞ ሠላሳ ደቂቃው ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲወረድ ነው ወይስ ሞልቶ ሲወጣ ብለሽ ልትጠይቂ ፈለግሽ። ያልጠየቅሽውም ውሃ ተሸክመሽ ያደግሽ መሆንሽ እንዳይታወቅ ነው።

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ይህን ጥያቄ አስቤው አላውቅም። እዚያ ክፍል ከተቀመጡት ስንቱ ነው የሞላ ጀሪካን አዝሎ ዳገት የወጣው? ነገ ግን ቦንቧው የት ይተከል ብለው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዳገቱ ላይ ደግሞ እነሱ የሉም።

ሰኞ ጠዋት እጅሽን አውጪ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ። የሚስቅም አይጠፋም፤ ይሳቅ። ይህን ጥያቄ ከየት አመጣሽው የሚልሽ ካለም አትደብቂው። ከምንጭ ነው፣ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት በይው።